ጊሽጣ ከዘር ማብቀልና ማዳቀል፣ ባህር ዳርና ጣና ዳር ላላችሁ

«ጊሽጣዬን ልክ እንደ አቮካዶው አዳቅዬው ደረቀብኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ የካቲትና መጋቢት ላይ አይቀርልኝም፣ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ጽፌው ለጠየቀኝ ሁሉ ልላክ ብዬ ነው። ማዳቀል የምለው የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሌላ ችግኝ ላይ መቀጠሉን ነው። መልሱ ባጭሩ፦ ጊሽጣን እንደ አቮካዶ ስላዳቀላችሁት ነው የደረቀው። አቮካዶ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ የምታወጣዋ ዓይን ከቅጠሉ ብብት ላይ ቁጭ ብላ ትታያለች። ጊሽጣ ላይ ግን ዓይኗ የቅጠሉ እጀታ ከቅርንጫፉ ጋር ከሚገናኝበት ስር ውስጥ ተሸፍና ነው ያለችው፣ እጀታው ካልወደቀ መውጫ የላትም። ስለዚ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ቅጠሉን በዛው ቀን በመቀስ ከርክማችሁ ስትቀጥሉት ዓይኑ ገና ተኝቷል፣ እስኪነቃ ድረስ ደግሞ ቅጥያው (የቀጠላችሁት ቅርንጫፍ) ውስጡ ያለው ውሃ ያልቃል። ሌላው ሁሉ ከዚች ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ጊሽጣ ገዳይ የክረምት ውሃ ነው፣ እሱን ተከላው ላይ እነግራችኋለሁ።

የትኛው ጊሽጣ ነው ያላችሁ?

እኛ ጋ ብዙ ዓይነት ፍሬ በአንድ ስም ጊሽጣ ይባላል፣ ስለዚ መጀመሪያ እሱን ለዩ። እዚህ የምጽፈው ላዩ ጉብ ጉብ ስላለው፣ ሲበስል ጉብጉቡ እየተላቀቀ እጅ ላይ ስለሚፈርሰው ስለ ስኳር ጊሽጣው ነው። ቆዳው ለስለስ ያለ፣ የጣት አሻራ የመሰለ ምልክት ያለበትና የቅጠሉ ጀርባ ጸጉራም የሆነው ቼሪሞያ ነው። ልብ የመሰለ ቅርጽ ያለው፣ ሲበስል ወደ ቀይ ቡናማ የሚሄደው ሌላ ነው፣ ትልቁና ለስላሳ እሾህ ያለውም ሌላ ነው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል፦ ስኳር ጊሽጣን በራሱ በስኳር ጊሽጣ ችግኝ ላይ፣ በቼሪሞያ ወይ በዛ ልብ በሚመስለው ላይ ማዳቀል ትችላላችሁ። እሾሃሙ ላይ ግን አትሞክሩ፣ ከሱ ጋር ጥሩ አይስማማም። ቼሪሞያ ደጋ ቀመስ አየር ስለሚወድ ባህር ዳር ይመቸዋል፣ ከተማው ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ነውና። ስኳር ጊሽጣው ግን የቆላ ዛፍ ነው፣ እኛ ጋ ይበቅላል ግን ዘገም ይላል፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በታህሳስና በጥር ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሊረግፍ ይችላል። ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት! በጥፍራችሁ ቅርፊቱን ትንሽ ፋቅ አርጉት፣ ከስር አረንጓዴ ከሆነ ተኝቶ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

የጊሽጣ ፍሬ ይበላል፣ ዘሩ ግን መርዝ ነው። ሳይሰበር ተውጦ ቢወርድ እንዳለ ይወጣል፣ ችግሩ ሲፈጭ ነው። የተፈጨ ዘር ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ቅማል ለመግደል ብለው ዱቄቱን ጸጉር ላይ አርገው ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ። ስለዚ ዘር አትፍጩ፣ አትውቀጡ፣ ህጻናት በሚጫወቱበት አትበትኑ። ጊሽጣ ጁስ የምትሰሩ ሰዎች ደግሞ ብሌንደር ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ዘሩን አንድ ሳታስቀሩ ልቀሙት። ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ገብቶ ከሆነ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ማጠብና ሐኪም ጋ መሄድ ነው፣ ያድራል አይባልም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

– ከበሰለ ፍሬ የወጣ ዘር፣ ከሚያስፈልጋችሁ ችግኝ እጥፍ ያህል (ሁሉም አይበቅልም)
– ጥልቀቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ የችግኝ ፕላስቲክ። ከሌላችሁ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣችሁ ቂጡን በስታችሁ ተጠቀሙ
– አፈር፣ የበሰለ ኮምፖስትና የወንዝ አሸዋ
– የጥፍር መቁረጫ
– አዲስ ምላጭ ወይ ስለታም ካተር፣ እና የቅርንጫፍ መቀስ
– ከፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ከጥጥ ጋር
– ስስና የሚለጠጥ ፌስታል፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተሸንትሮ የተቆረጠ
– ቅጥያውን የሚያለብስ፣ ብርሃን የሚያስገባ ነጭ ትንሽ ፌስታል
– ሲባጎ፣ ችካል፣ ለጥላ የሚሆን ጆንያ ወይ ሳር
– ለአበባው ጊዜ ትንሽ የስዕል ብሩሽ

ጊዜው

ጊሽጣ ዘር ሙቀት ይፈልጋል፣ ስለዚ የካቲት መጨረሻ ወይ መጋቢት ላይ ዝሩ፣ የኛ ሞቃት ወራት እስከ ግንቦት ስለሆኑ ሙቀቱ ላይ ይበቅላል። በሚቀጥለው ዓመት የካቲትና መጋቢት ላይ ችግኙ እርሳስ ያህል ከወፈረ ታዳቅላላችሁ፣ ካልወፈረ አንድ ዓመት ይጠብቅ፣ ቀጭኑ ላይ መታገል ምላጭ ማባከን ነው። ለምን የካቲት? ዛፉ ከእንቅልፉ ሊነቃ ጫፍ ላይ ስላለ ነው፣ ቅርንጫፉ ውስጥ ምግብ ተከማችቷል፣ ቁስሉም ቶሎ ይድናል። ክረምት ላይ ያዳቀላችሁት እርጥበቱ ቁስሉን ያሻግተዋል፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ያዳቀላችሁት ደግሞ ቅዝቃዜው እድገቱን ስለያዘው ሳይጋጠም ይደርቃል።

ክፍል አንድ፦ ዘሩ

1. ዘሩን አጽዱ። ስጋውን በውሃ አጥባችሁ አስለቅቁ፣ ጥላ ላይ ሁለት ሶስት ቀን አድርቁት። ስጋ የቀረበት ዘር ይሻግታል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ፍሬውን መስከረም ወይ ጥቅምት ላይ በልታችሁት ከሆነ ዘሩን በወረቀት ጠቅልላችሁ እስከ የካቲት አስቀምጡት፣ የጊሽጣ ዘር እንደ አቮካዶ ወይ ማንጎ ቶሎ አይሞትም።

2. ቅርፊቱን ብሱ። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አያስገባም። በጥፍር መቁረጫ ሰፊውን ጫፍ ትንሽ ንኩት፣ ነጩ እስኪታይ ብቻ፣ ሹሉን ጫፍ አትንኩት ስሩ የሚወጣው በዛ ነው። ሰዎች በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉታል፣ እኔ አልመክርም፣ ዱቄት ያወጣል ዱቄቱ ደግሞ ከላይ ያልኳችሁ ነው። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።

3. ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ዘፍዝፉት። ዘሩ ከበዛላችሁ ከዘፈዘፋችሁ በኋላም ተንሳፍፎ የቀረውን ተዉት፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

4. ፕላስቲኩን ሙሉ። 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። አፈራችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ጨምሩ። ጥልቅ ፕላስቲክ ያልኩት የጊሽጣ ዋና ስር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚሮጥ ነው፣ አጭር ፕላስቲክ ውስጥ ቂጡ ላይ ሲደርስ ይጠማዘዛል፣ የተጠማዘዘ ስር ያለው ዛፍ ደግሞ ተተክሎም አያምርበትም።

5. ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩ፣ በአንድ ፕላስቲክ ሁለት ዘር። ስስ ሳር አልብሱት፣ እርጥበቱ እንዳይጠፋ ነው እንጂ ጭቃ እንዲሆን አይደለም። ከ3 እስከ 7 ሳምንት ይፈጃል፣ በአስራ አምስት ቀን ካልበቀለ ብላችሁ እየቆፈራችሁ አትዩት። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ከመሬት እኩል ቁረጡት፣ አትንቀሉት፣ ስትነቅሉት የጓደኛውን ስር ይዞ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ጥላ ላይ አስቀምጡና በየጊዜው ፕላስቲኩን ከመሬት እያነሳችሁ አዙሩት፣ አለዚያ ስሩ ፕላስቲኩን በስቶ መሬት ይይዝና ስታነሱት ይበጠሳል።

ክፍል ሁለት፦ ማዳቀሉ

እዚህ ጋ ነው ረጋ ማለት። ከታች ያለውን ባለ ስሩን «የታችኛው» እለዋለሁ፣ ከላይ የሚገባውን ደግሞ «ቅጥያ»።

እግረ መንገዴን፣ ስኳር ጊሽጣ ከዘር ሲበቅል እንደ አቮካዶ ያን ያህል ከእናቱ አይለይም፣ ስለዚ ሳታዳቅሉም ፍሬ ታገኛላችሁ፣ በሶስት በአራት ዓመት። ማዳቀሉ የሚጠቅመው ጎረቤት ግቢ ያያችሁት ፍሬው ትልልቅ፣ ዘሩ ጥቂት የሆነ ዛፍ ካለ እሱኑ ራሱን ለማምጣትና ቶሎ ለመብላት ነው፣ የተዳቀለው ሁለተኛ ሶስተኛ ዓመቱ ላይ መስጠት ይጀምራል።

6. ቅጥያውን ዛፉ ላይ እያለ አዘጋጁ። ዋናው ሚስጥር ይሄ ነው። ደህና ፍሬ የሚሰጥ፣ በሽታ የሌለበት ዛፍ ምረጡ። ባለፈው ክረምት ያደገ፣ እርሳስ የሚያህል፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ቡናማ የሄደ ቅርንጫፍ ፈልጉ። ከመቁረጣችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን በፊት የቅጠሎቹን ሰፊ ክፍል በመቀስ ቁረጡና እጀታውን ብቻ ተዉት፣ ጫፉንም ቀንጥሱት። ከሳምንት በኋላ እጀታው ቢጫ ሆኖ ነካ ሲያረጉት ይወድቃል፣ ከስሩ ደግሞ ያቺ የተደበቀችው ዓይን ትንሽ አብጣ ትታያለች። በዛን ጊዜ ነው የሚቆረጠው። እጀታውን በኃይል አትገንጥሉ፣ ዓይኑን ይዞት ይወጣል። ዛፉ በብርዱ ቅጠሉን ራሱ ካራገፈ ስራችሁ ቀሏል፣ ዓይኑ ማበጥ ሲጀምር ቆርጣችሁ መጠቀም ነው። ግን ዓይኑ ፈክቶ ቅጠል ካወጣ አልፏል፣ ሌላ ፈልጉ።

7. ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ሶስት አራት ዓይን ያለው አርጋችሁ ቁረጡ። የታችኛውን ጫፍ አግድም፣ የላይኛውን ሰያፍ ቁረጡት፣ ተገልብጦ የገባ ቅጥያ አይበቅልምና መለያ ነው። በቦታው የማትጠቀሙበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዘጌ በጀልባ ወይ ከሐሙሲት በሚኒባስ የምታመጡት ከሆነ፣ ረጠብ ባለ ጨርቅ (ተጨምቆ ውሃ የማይንጠባጠብ) ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጥላ ላይ ያዙት። በነጋታው ብትጠቀሙበት ይመረጣል፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሳምንት ያህልም ይቆያል። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ጥላችሁት ግን ሻይ ልትጠጡ አትውረዱ።

8. የታችኛውን በዋዜማው አጠጡት። የተጠማ ችግኝ ቅርፊቱ ይጣበቃል፣ ፈሳሹም ስለማይንቀሳቀስ ቁስሉ አይድንም።

9. ምላጩን በአልኮል ጥረጉ፣ ከችግኝ ወደ ችግኝ ስትሸጋገሩም እንደገና። የታችኛውን ከመሬት ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውፍረቱ ከቅጥያው ጋር በሚመሳሰልበት ቦታ አግድም ቁረጡት። ከቁርጡ በታች ያሉትን ጥቂት ቅጠሎች አትንኩ፣ ቅጥያው የራሱን እስኪያወጣ ስሩን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ከዛ መሃሉን ወደ ታች 3 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቁ።

10. የቅጥያውን ታች ከሁለት በኩል ጠርባችሁ ሽብልቅ አርጉት፣ ርዝመቱ እንደ ስንጥቁ 3 ሴንቲ ሜትር። በእያንዳንዱ ጎን ምላጩን አንዴ ብቻ ሳቡት። አስር ጊዜ እየፋቃችሁ ያስተካከላችሁት ወለል ወጣ ገባ ይሆንና መሃሉ ላይ አየር ይቀራል፣ አየር ያለበት አይጋጠምም። የተቆረጠውን ቦታ በእጅ አትንኩ፣ የጊሽጣ ቁስል ቶሎ ስለሚጠቁር ወሬውን ለበኋላ አቆዩት። እጃችሁ ካልለመደ መጀመሪያ በሌላ ቅርንጫፍ ተለማመዱ።

11. ሽብልቁን ስንጥቁ ውስጥ አስገቡ። ከቅርፊቱ ስር ያለችውን ስስ አረንጓዴ መስመር እዩ፣ የሁለቱም ያቺ መስመር መገጣጠም አለባት፣ አዲሱ ህብረ ህዋስ የሚያድገው ከዛች ብቻ ነው፣ መሃል ያለው እንጨት ከእንጨት ጋር አይጣበቅም። ቅጥያው ከቀጠነ መሃል ላይ አታርጉት፣ ወደ አንድ ጎን አስጠግታችሁ ቢያንስ በአንድ በኩል መስመሩን አገናኙ። ብዙ ሰው ለዓይን እንዲያምር መሃል ላይ ያረገዋል፣ በሁለቱም በኩል ሳይነካካ ይቀራል፣ ከዛ «ሁሉን እንዳልሽው አረግኩ እኮ» ይለኛል።

12. በተሸነተረው ፌስታል ከታች ወደ ላይ እየለጠጣችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ከታች ወደ ላይ የሆነበት ምክንያት ሽፋኑ እንደ ቆርቆሮ ጣራ እንዲደራረብና ውሃ ወደ ቁስሉ እንዳይገባ ነው። ከዛ ነጩን ትንሽ ፌስታል ከላይ አልብሱትና ከግጣሙ በታች በሲባጎ እሰሩት። ቅጥያው ስር ስለሌለው ውሃ የሚያጣው እንጂ የሚያገኘው የለም፣ ፌስታሉ እርጥበቱን ያግድለታል።

13. ጥላ ውስጥ አስገቡት። ይሄ ግዴታ ነው፣ በመጋቢት የባህር ዳር ፀሐይ ፌስታል ውስጥ ያለ ቅጥያ በአንድ ከሰዓት ይቀቀላል። ውሃ ደግሞ በመጠኑ፣ ቅጠሉ ጥቂት ስለሆነ ብዙ አይጠጣም፣ አዘንኩለት ብላችሁ በየቀኑ ብታርሱት ስሩ ይበሰብሳል።

14. ጠብቁ። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ዓይኑ ይፈካል። አሁን ተጠንቀቁ፦ ዓይን መፍካቱ ተጋጠመ ማለት አይደለም፣ ቅጥያው ውስጡ ባጠራቀመው ምግብ ብቻ ቅጠል አውጥቶ ሊጠወልግ ይችላል። ስለዚ ቅጠል አየሁ ብላችሁ ማሰሪያውን አትፍቱ። የላይኛውን ፌስታል መጀመሪያ ጫፉን ብቻ ቀደድ አርጉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አስፉት፣ ከዛ አመሻሽ ላይ አውልቁት። የግጣሙ ማሰሪያ የሚፈታው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ፣ አዲሱ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ካለፈና ቅጠሉ ከጠነከረ በኋላ ነው። ከዛም በላይ አታቆዩት፣ ግንዱ ሲወፍር ፌስታሉ ያንቀዋል።

ከግጣሙ በታች የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ እየተከታተላችሁ ቀንጥሱ። እሱ የታችኛው ነው፣ ስሩ የራሱ ስለሆነ ከቅጥያው ቀድሞ ይሮጣል፣ ከተዋችሁት ጥሩውን አድርቆ እሱ ዛፍ ይሆንና ከዓመታት በኋላ «ያዳቀልኩት ፍሬው ተለወጠ» ትላላችሁ። አልተለወጠም፣ ሌላ ዛፍ ነው ያሳደጋችሁት።

ቅጥያው ከከሸፈ ችግኙን አትጣሉት። ከደረቀው በታች ቆርጣችሁ አዲስ ቡቃያ አውጡ፣ እሱ ሲወፍር በሚቀጥለው የካቲት እንደገና። ግቢያችሁ ውስጥ ያለ ትልቅ የማይረባ ዛፍም በዚሁ መንገድ ይታደሳል፣ የካቲት ላይ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ትቆርጡታላችሁ፣ ከሚወጡት ቡቃያዎች ሶስት አራት ጠንካራውን አስቀርታችሁ እርሳስ ሲያህሉ እነሱ ላይ ታዳቅላላችሁ።

ክፍል ሶስት፦ ተከላ

15. ቦታ ምረጡ። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከተቻለ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ወይ አጥር አጠገብ፣ ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ። ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል፣ ለቆላ ዛፍ ያቺ ትንሽ ሙቀት ዋጋ አላት። ከጣና የሚመጣውን ንፋስም ይመክትለታል፣ የጊሽጣ ቅርንጫፍ ፍሬ ሲይዝ ተሰባሪ ነው። በሁለት ዛፍ መሃል 4 ሜትር ይበቃል።

16. ውሃውን አስቡ። የጊሽጣ ስር ውሃ ላይ ቆሞ መክረም አይችልም፣ አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ ዛፉ ሐምሌ ላይ ለምልሞ ታይቶ መስከረም ላይ ድንገት ይጠወልጋል፣ ሰዉ ደግሞ ውሃ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። ቀይ አፈርና ተዳፋት ላይ ያላችሁ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ትከሉ፣ ዝናቡ ራሱ ያጠጣላችኋል። ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ ወይ ሀይቁ ዳር ክረምት ውሃ የሚተኛበት ቦታ ያላችሁ ግን ክረምቱን ችግኙን በፕላስቲኩ አቆዩትና መስከረም ላይ ትከሉ፣ ያውም ጉብታ ሰርታችሁ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር። በዙሪያው ውሃ መውረጃ ቦይ።

17. ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር። የላዩን አፈር ለብቻ አውጡ፣ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ፣ ሲፈላ ስር ያቃጥላል። ፕላስቲኩን ቅደዱና አውጡት (ከነፕላስቲኩ የሚተክል ሰው አለ፣ እውነቴን ነው)። የተዳቀለበት ግጣም ከአፈሩ በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መቅረት አለበት፣ ከተቀበረ በሽታ ይገባዋል። ችካል አቁማችሁ ላላ አርጋችሁ እሰሩት።

18. ጉዝጓዝ አልብሱት፣ የጤፍ ጭድ ወይ ደረቅ ሳር፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አርጋችሁ። የጊሽጣ ጠጪ ስሮች ከላይ ስለሆኑ ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዝላቸዋል፣ አረምም ይቀንሳል፣ ስለዚ ስሩ አጠገብ በዶማ አትቆፍሩ። እንቦጭ ለጉዝጓዝ ይሆናል ወይ ለሚሉኝ፦ ከሀይቁ አውጥታችሁ ወደ ግቢ ባትወስዱት ይሻላል፣ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ጎርፍ ይዞት ሌላ ቦይ ውስጥ ይገባል።

19. ውሃ፦ በበጋ ለአዲስ ችግኝ በሳምንት ሁለቴ ግማሽ ጀሪካን፣ ለትልቁ በሳምንት አንድ ጀሪካን አካባቢ። ቅጠሉን ባራገፈበት በታህሳስና በጥር ግን ቀንሱ፣ ቅጠል የሌለው ዛፍ ውሃ አይስብም። የካቲት ላይ ዓይኑ ሲያብጥ እንደገና ጀምሩ።

20. ቁመቱ አንድ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሱት፣ ሶስት አራት ቅርንጫፍ በየአቅጣጫው አስቀሩ። በየዓመቱ የካቲት ላይ የደረቀውንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን አውጡ፣ ረጃጅሙን አሳጥሩ፣ የቀረ አሮጌ ቅጠል ካለ አራግፉት። አበባው በብዛት የሚመጣው ከአዲስ ቡቃያ ጋር ስለሆነ ያልተገረዘ ዛፍ ቁመት እንጂ ፍሬ አይጨምርም።

ያብባል ግን አያፈራም

ሁለተኛው በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ። የጊሽጣ አበባ ሴትም ወንድም ነው፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ሦስቱ ወፋፍራም ቅጠሎቹ ትንሽ ከፈት ሲሉ ሴት ነው፣ ውስጡ ያለችው ሾጣጣ ጫፍ ታብረቀርቃለች። በኋላ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ወንድ ይሆንና ብናኝ ያፈሳል፣ ያኔ ሴትነቱ አልፏል። በተፈጥሮ ብናኙን የሚያደርሱት ትንንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው፣ ንብ አይደለም፣ እነሱ ከሌሉና አየሩ ደረቅ ከሆነ አበባው ዝም ብሎ ይረግፋል። መፍትሄው በእጅ ማድረስ ነው፦

21. አመሻሽ ላይ ሙሉ የተከፈቱትን አበቦች ልቀሙና ክብሪት ቀፎ ውስጥ ወይ ወረቀት ላይ ደረቅ ቦታ አሳድሯቸው። ጠዋት ስታራግፏቸው ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት ይወርዳል።

22. ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይመጣ፣ ግማሽ የተከፈቱትን አበቦች በጣታችሁ ቀስ አርጋችሁ ከፈት አርጉና በብሩሹ ዱቄቱን በሾጣጣዋ ዙሪያ ሁሉ አዳርሱ። ዙሪያውን ያልኩት በምክንያት ነው፣ እያንዳንዷ የጊሽጣ ጉብታ የራሷ ብናኝ ትፈልጋለች፣ በአንድ ጎን ብቻ ከነካችሁ ፍሬው በዛ በኩል አብጦ በሌላው ተጣሞ ያድጋል። ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ያሉትን አስቀድሙ፣ የቀጭኑን ጫፍ ፍሬ ይሰብረዋል። ወጣት ዛፍ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ብቻ አስይዙ።

ተባይ ላይ ብዙ አልልም። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ፍሬውና ቅርንጫፉ ላይ ካያችሁ ሚሊባግ ነው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ እጠቡት። ከሱ ጋር የሚመላለሱትን ጉንዳኖች ካላቆማችሁ ግን ይመለሳል፣ ከሱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልሱ ይጠብቁታል። ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፕላስቲኩ ላይ ግራሶ ቀቡ፣ ቅርፊቱን በቀጥታ አትቀቡ። ጠቁሮ ደርቆ ዛፉ ላይ የቀረ ፍሬ ካለ አውርዳችሁ ቅበሩት፣ በሽታው የሚከርመው እሱ ላይ ነው።

መልቀም

ፍሬው ከያዘ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። የመድረሱ ምልክት በጉብታዎቹ መሃል ያለው ስንጥቅ ሰፍቶ ወደ ነጭ ወይ ቢጫ ሲቀየር ነው። ያኔ ገና ጠንካራ እያለ በመቀስ ከነ አጭር እጀታው ቁረጡ፣ ቤት ውስጥ በጥቂት ቀን ይለሰልሳል። ዛፉ ላይ ይብሰል ብላችሁ ከተዋችሁት ተፈርክሶ ይወድቃል ወይ ወፍ ይቀድማችኋል፣ መሃሉ ሳይሰፋ የለቀማችሁት ደግሞ ይጠቁራል እንጂ አይጣፍጥም። ጠንካራውን ፍሪጅ አታስገቡ፣ ቅዝቃዜው ማብሰሉን ያቆመውና ቆዳው ይጠቁራል፤ የለሰለሰውን ግን አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ይቻላል።